በደገሃቡር የወደቀው አይሮፕላን ነጂና የሥዕሉ ነገር

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ የታሪክና የሥዕል ክበብ አባል

ታሪክ በአፍ ይነገራል፤ በጽሕፈት ይቀመጣል፤ በሥዕልም ይታያል። ከሦስቱ ሰውን ቶሎ የሚያሳምነው ሥዕል ነው። የተጻፈውን ቃል «እውነት ይሆን?» ብሎ የሚመረምር ሰው እንኳ፣ የተሣለውን ነገር በዓይኑ እንዳየው አድርጎ ይቆጥረዋል። እኛ የጢቾ ልጆች የዓድዋን ጦርነት ከመጽሐፍ ሳናነብ በፊት በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይተነዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ከሰማይ ሲረዳ፣ እቴጌ ጣይቱ ሲታዩ፣ መድፉ ሲያጓራ ተመልክተን አድገናል። ስለዚህ የሚሥል ሰው ኃላፊነት ከሚጽፈው ሰው ኃላፊነት ያነሰ አይደለም። ይህን የምለው ካንድ ቦታ ቀድቼ ሳይሆን በዚህ ዓመት በራሴ ሥራ ላይ የደረሰውን ተመልክቼ ነው።

የትምህርት ቤታችን በዓል ሲቃረብ፣ ክበባችን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ስለ ነበረው የጠላት ወረራ ዘመን አንድ የሥዕል ትርኢት እንዲያዘጋጅ ተወሰነ። ሥራው በዕጣ ሲከፋፈል ለእኔ የደረሰኝ «የአየር ጦርነት» የሚለው ርእስ ነበር። አይሮፕላን መሣል ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ስለ ሆነ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀለሙ ከአሰላ ተገዝቶ እስኪመጣ ድረስ እንኳ መታገሥ አቅቶኝ በእርሳስ ጀመርሁ። የመረጥሁትም ታሪክ ቲቶ ሚኒቲ የተባለው ኢጣልያዊ አይሮፕላን ነጂ በኦጋዴን የሞተበትን ቀን ነበር።

የመጀመሪያው ሥዕሌ እንዲህ ያለ ነው። በመካከል አንድ ነጭ ሰው እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ተንበርክኳል። ባጠገቡ ጎራዴ የመዘዘ ሰው ቆሟል። ከኋላቸው አፍንጫው አሸዋ ውስጥ የተተከለ አይሮፕላን ይጨሳል። የአይሮፕላኑን ክንፍ ለመሣል ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ሰዎቹን ግን ባንድ ምሽት ጨረስኋቸው።

ይህን ይዤ ወደ ታሪክ መምህራችን ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው ረዥም ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ጎራዴ የያዘው ሰው ማን ነው?»

«ያገር ሰው ነው፣ ጋሼ።»

«ስሙስ?»

«አላውቀውም።»

«እጁ መታሰሩንስ ማን ነገረህ? መንበርከኩንስ?»

ዝም አልሁ።

«ይህ ነገር ልክ በዚህ ዓይነት እንዲሣል አጥብቆ የሚፈልግ አንድ ሰው ነበር» አሉኝ። «ሩዶልፎ ግራዚያኒ ይባላል። አንተ ሳታውቀው የእርሱን ሥዕል ሣልህለት።»

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በዚያን ቀን ምን ያህል እንዳፈርሁ መግለጽ አልችልም። ነገር ግን ኀፍረቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት መራኝ፤ ከዚህ ቀጥሎ የምተርከውም ከዚያ ያገኘሁትን ነው።

ኢጣልያ ጦርነቱን የጀመረችው በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ነው። በሰሜን መጀመሪያ ዴ ቦኖ፣ ኋላም ማርሻል ባዶሊዮ፣ በደቡብ ደግሞ ጄኔራል ግራዚያኒ የወራሪውን ጦር ያዝዙ ነበር። በኦጋዴን ግንባር የኛን ጦር የሚመሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ሲሆኑ፣ ከዶሎ በላይ በገናሌ ወንዝ አካባቢ የነበረውን ጦር የሚመሩት ደግሞ ራስ ደስታ ዳምጠው ነበሩ። በሰማይ በኩል ሚዛኑ ፈጽሞ እኩል አልነበረም። የኢጣልያ አይሮፕላኖች በመቶ የሚቈጠሩ ሲሆኑ፣ የኛዎቹ በጣት የሚቈጠሩና ለመልእክትና ለመጓጓዣ እንጂ ለውጊያ የማይሆኑ ነበሩ። ስለዚህ «የአየር ጦርነት» የሚለው ርእስ ራሱ ትክክል አይደለም ብዬ ለክበቡ ሊቀ መንበር ነግሬው ነበር፤ አንዱ ወገን ከሰማይ፣ ሌላው ከምድር የሆነበት ነገር ነውና። ርእሱ ግን ታትሞ ስለ ነበር ሳይለወጥ ቀረ።

ቲቶ ሚኒቲ በኢጣልያ ደቡብ፣ በካላብሪያ ውስጥ ፕላካኒካ በምትባል መንደር በ1901 ዓ.ም. ገደማ የተወለደ ምክትል መቶ አለቃ ነበር። ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ሊቪዮ ዛኖኒ ከሚባል ሃምሳ አለቃ ጋር ለቅኝት ሲበር አይሮፕላኑ በደገሃቡር አካባቢ ሜዳ ላይ ለመውረድ ተገደደ። ሁለቱም በዚያው ቀሩ። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም።

ክርክሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። የኢጣልያ መንግሥት ለዓለም ሲያሰማ የነበረው ሚኒቲ በሕይወቱ ተማርኮ፣ በስቃይ ተገድሎ፣ ራሱ ተቈርጦ በአደባባይ ተዞረ የሚል ነው። በሌላው አነጋገር ደግሞ ሰውየው ከአይሮፕላኑ ከወረደ በኋላ በተኵስ ልውውጥ ሞተ፤ በሬሳው ላይ የተደረገውም ከሞተ በኋላ የተደረገ ነው። የምስክሮቹ ቃል እርስ በርሱ አይስማማም፤ አንዳንዱም ቃል የተሰጠው በጦርነቱ ከተሸነፈው አገር ሰዎች ላይ ድል አድራጊው በሚጠቀምበት ጊዜ ነው። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎችም በዝርዝሩ ላይ አልተስማሙም።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። «የኛ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር አያደርጉም» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ እኔም መጀመሪያ መዝጋት የፈለግሁት በዚሁ ነበር። በዓድዋ የተማረኩት ኢጣልያኖች በብዛት በደኅና ተይዘው ከአዲስ አበባው ውል በኋላ ወደ አገራቸው መመለሳቸው እውነት ነው። ግን በዚያው ጦርነት ከጠላት ጋር ተሰልፈው የተማረኩ የኤርትራ ተወላጆች ወታደሮች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው መቈረጡም እውነት ነው። ስለዚህ በደገሃቡር የሆነው ነገር ሊሆን አይችልም ማለት አንችልም። ማለት የምንችለው አንድ ሰው በምርኮ ከተገደለ ጥፋት መሆኑን፣ ጥፋቱም ሌላውን ሁሉ የማይሸፍን መሆኑን ነው።

ምክንያቱም ግራዚያኒ በዚህ ሞት ብዙ ነገር ሊሸፍንበት ሞክሯል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማለት ሚኒቲ ከወደቀ ከአራት ቀን በኋላ፣ የኢጣልያ አይሮፕላኖች በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ በሚባለው ቦታ ከራስ ደስታ ጦር ጋር የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደበደቡ። የቀይ መስቀሉ ምልክት በግልጽ ይታይ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ የተኙ ቁስለኞች አለቁ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የሚባል ስዊድናዊ የሕክምና ረዳት ሞተ፤ የጓዱ አለቃ ዶክተር ሂላንደር ቈሰሉ። በዚያው ሰሞን ከአይሮፕላን የተበተነው የግራዚያኒ ወረቀት የሚናገረው ምርኮኛውን አይሮፕላን ነጂ አንገቱን ቈርጣችሁ የመንግሥታትን ሕግ አፍርሳችኋልና የሚገባችሁን ትቀበላላችሁ ብሎ ነው። እንግዲህ የሚኒቲ ደም የተበቀለው በኦጋዴን አልነበረም። ከደገሃቡር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ድንኳን ውስጥ በተኙ ቁስለኞች ላይ ነበር።

ከዚያም የመርዙ ጋዝ ነገር መጣ። የኢጣልያ ወኪሎች በጄኔቭ የመርዝ ጋዝ መጠቀማቸው ሲነገርባቸው፣ አንድ ጊዜ «አልተጠቀምንም» ሌላ ጊዜ ደግሞ «ኢትዮጵያውያን አይሮፕላን ነጂያችንን ስለ ገደሉ ብድር መመለሳችን ነው» የሚል ክርክር ያቀርቡ ነበር። ለብዙ ዓመታትም ይህ አነጋገር በመጻሕፍት ሲገለበጥ ኖሯል። በእኔ ሥዕል ውስጥ ያለው ጎራዴም የሚያገለግለው ይህንኑ ክርክር ነበር፤ ተመልካቹ ጎራዴውን አይቶ «ታዲያ ምን ያድርጉ!» እንዲል ያደርጋልና።

ነገር ግን ቀኖቹን ጐን ለጐን አስቀምጠን እንያቸው። ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ ራሱ፣ የመርዝ ጋዝን የመጨረሻ መሣሪያ አድርጎ እንዲጠቀም በቴሌግራም የፈቀደው ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ቲቶ ሚኒቲ በዚያን ጊዜ ገና ሁለት ወር የሚኖረው ሰው ነበር። በሰሜን ግንባር በተከዜ አካባቢ የነበረው የራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ቦምብ የወረደው ታኅሣሥ 12 እና 13 ቀን ነው። ሚኒቲ በሕይወት ነበር። የወደቀው ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። ሙሶሊኒ በማናቸውም ዓይነት ጋዝ በሰፊው ለመጠቀም ለባዶሊዮ ፈቃድ የሰጠው ታኅሣሥ 18 ቀን ሲሆን፣ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰውም የጠላትን አደራረግ ነው። እንግዲህ ሞቱ የጋዙ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ጋዙ ቀድሞ መጥቷል፤ ምክንያቱ ኋላ ተገኘለት።

ስለ ጋዙም ጥቂት ልበል፤ ብዙዎቻችን በስሙ ብቻ እናውቀዋለንና። ዋናው ይፕሪት የሚባለው ሲሆን ሽታው ሰናፍጭን ስለሚመስል የሰናፍጭ ጋዝም ይሉታል። በስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው። በአንዱ ትልቅ ቦምብ ውስጥ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይሞላል፤ ቦምቡ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ይፈነዳና እንደ ካፊያ ይወርዳል። የነካውን ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ያጠፋል፤ ሣሩንና ውሃውንም ይመርዛል። ባዶ እግሩን የሚሄድ ወታደር፣ ከወንዝ የሚጠጣ ከብት፣ ውሃ የምትቀዳ ሴት ሁሉ እኩል ይደርስባቸዋል። በዚህ መሣሪያ እንዳይዋጉ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ውል ላይ ከፈረሙት አገሮች አንዷ ኢጣልያ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንን ሲናገሩ፣ ኢጣልያኖች ጋዜጠኞች በፉጨት እንዳወኳቸው የታወቀ ነው። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በመርዝ ጋዝ መጠቀማቸውን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ይኸውም አንጄሎ ዴል ቦካ የሚባሉ ኢጣልያዊ የታሪክ ሰው ሰነዶቹን እያወጡ ለብዙ ዓመት ከተከራከሩ በኋላ ነው። ኢንድሮ ሞንታኔሊ የሚባለው ስመ ጥር ጋዜጠኛ በወጣትነቱ በዚያ ጦርነት የተሰለፈ ስለ ነበር «እኔ በቦታው ነበርሁ፤ ጋዝ አልነበረም» እያለ ሲሟገት ኖሮ፣ በመጨረሻ ተሳስቼአለሁ ብሎ ለማመን ተገዷል። በቦታው መኖር ብቻውን ምስክር እንደማያደርግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

የሚኒቲ ስም ግን በአገሩ ከፍ ብሎ ቀረ። የወርቅ ሜዳልያ ተሰጠው፤ በኢጣልያ ከተሞች መንገዶች በስሙ ተጠሩ፤ የሬጆ ካላብሪያ አይሮፕላን ማረፊያም በስሙ ይጠራል። መልካ ዲዳ ላይ የሞቱትን ቁስለኞች በስም የሚጠራ መንገድ የለም።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልመለስ።

ስለ አይሮፕላን ነጂዎች ሞት መሣል በዓለም ላይ የተለመደ ሥራ ነው፤ ክርክሩም የተለመደ ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1910 ዓ.ም. ጀርመናዊው ማንፍሬድ ፎን ሪሽትሆፈን፣ በቀይ አይሮፕላኑ ምክንያት «ቀዩ ባሮን» የተባለው፣ 80 አይሮፕላኖች ከጣለ በኋላ በ25 ዓመቱ በፈረንሳይ ሶም ሸለቆ ላይ ወደቀ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ድሉን ሮይ ብራውን ለሚባል ካናዳዊ ሰጠ። ከዚያ በኋላ የመጡ ሠዓሊዎች ቀዩን አይሮፕላን ከፊት፣ የብራውንን ከኋላ እያደረጉ ደጋግመው ሣሉት። ዳሩ ግን የገደለችው ጥይት አንዲት ስትሆን በቀኝ ጐኑ ከታች ገብታ በግራ ደረቱ ከፍ ብላ የወጣች ናት። ይህም ከኋላና ከላይ ከሚመጣ አይሮፕላን ይልቅ ከምድር ለሚተኵስ ሰው ይስማማል። ስለዚህ ብዙ መርማሪዎች ገዳዩ ምሽግ ውስጥ የነበረ አውስትራልያዊ የመትረየስ ተኳሽ ነው ይላሉ። እንግዲህ ሠዓሊው ቡሩሹን ሲያነሣ ሳይወድ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ጸሐፊ «ምናልባት» የሚል ቃል አለው፤ ለሠዓሊ ግን «ምናልባት» የሚባል ቀለም የለውም።

ከኢጣልያም ወገን ፍራንቼስኮ ባራካ አለ። በፌራሪ መኪና ላይ የምናየው ጥቁር የሚዘል ፈረስ መጀመሪያ የእርሱ አይሮፕላን ምልክት እንደ ነበር ብነግራችሁ ከጓደኞቼ ብዙዎቹ አያምኑኝም፤ እናቱ ናት ለኤንዞ ፌራሪ የሰጠችው። ባራካ በሰኔ 1910 ዓ.ም. ሞንቴሎ ላይ ሲወድቅ ከምድር ተተኵሶበት ነው፣ የኦስትሪያ አይሮፕላን መትቶት ነው፣ በእሳት ከመቃጠል ራሱን ገድሎ ነው የሚሉ ሦስት አነጋገሮች አሉ። ሠዓሊ ሁሉ ግን አንዱን ብቻ ይሥላል።

በፋሺስት ዘመን በኢጣልያ ሁለት ዓይነት ሥዕል ይታይ ነበር። አንዱ የጋዜጣ ሥዕል ነው። አኪሌ ቤልትራሜ የሚባለው ሠዓሊ «ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪየሬ» ለሚባለው ሳምንታዊ መጽሔት ከ40 ዓመት በላይ ሽፋን ሲሥል ኖሯል። የዓለምን ጦርነትና የመሬት መናወጥ ሁሉ፣ የኢትዮጵያንም ጦርነት ጭምር፣ የሣለው ሚላኖ ተቀምጦ ነው። ሥራው ግሩም ነው፤ ፈረሱ ይሮጣል፤ አቧራው ይነሣል። ለዚህ ነው የሚያስፈራው።

ሁለተኛው ዓይነት የአየር ሥዕል የተባለው ነው። ፉቱሪስቶች የሚባሉት ሠዓሊዎች ዓለምን ከአይሮፕላን ላይ ሆነው እንዳዩት አድርገው መሣል ጀመሩ። ቱሊዮ ክራሊ በ1931 ዓ.ም. የሣለውን የታወቀ ሥዕል በመጽሐፍ ውስጥ ተመልክቼዋለሁ። ተመልካቹ ከአይሮፕላን ነጂው ጀርባ ተቀምጦ ቁልቁል ወደ ከተማ ሲወረወር ይሰማዋል። ፎቆቹ እንደ ጦር ወደ ላይ ቆመዋል። ሥዕሉን ለረዥም ጊዜ አየሁት፤ እውነቱን ለመናገር ወደድሁት። በኋላ ግን አንድ ነገር ልብ አልሁ፤ በከተማይቱ ውስጥ አንድም ሰው አይታይም።

ይህን ለአያቴ ነገርኋቸው። አያቴ የተወለዱት ጠላት ከወጣ በኋላ ስለ ሆነ አይሮፕላኖቹን ራሳቸው አላዩም፤ አባታቸው ግን አይተዋል። በ1929 ዓ.ም. ራስ ደስታ፣ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ከሲዳሞ ወጥተው በአርሲ በኩል ወደ ጉራጌ ሲያልፉ የፋሺስት አይሮፕላን ይከታተላቸው ነበር፤ ያገሩም ሰው ከብቱን ወደ ጫካ እያስገባ ይሸሸግ ነበር። እኔም «ያን ጊዜ አይሮፕላን ነጂውን ቢያገኙት ኖሮ ምን ያደርጉት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። አያቴ ጥቂት አሰቡና «አባቴ ይል የነበረው፣ እዚያ ውስጥ ሰው አለ ብለን መች አስበን ነው» አሉኝ።

ይህ ንግግር ሌሊቱን ሁሉ ሲከነክነኝ አደረ። ከላይ ያለው ሰው ከታች ያለውን አያይም፤ ከታች ያለው ከላይ ያለውን አያውቅም። በደገሃቡር ሜዳ ግን አይሮፕላኑ ሲወርድ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ። ሚኒቲና ዛኖኒ ሰው ሆነው ከአይሮፕላኑ ወጡ፤ ያገሩም ሰዎች ሰው ሆነው ታዩአቸው። በመካከላቸው የነበረው ጥቂት ሜዳ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንዱ ወገን እንዲህ ነው፣ ሌላው እንዲያ ነው ይላል።

የኛ ያገር ሠዓሊዎች ደግሞ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን በጐኑ፣ ባንድ ዓይን ብቻ። በዓድዋ ሥዕሎች ላይም ጠላት በጐን ይታያል። የማይጨውን ጦርነት የሣሉት ሠዓሊዎች ይህንኑ ልማድ ሲከተሉ፣ በዓድዋ ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ በሚቆምበት በሰማዩ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው አይሮፕላን ነው። ይህን ያደረጉት አስበውም ይሁን ቦታው ባዶ ስለ ሆነ ብቻ፣ ከዚህ የበለጠ የዚያን ጦርነት ልዩነት የሚገልጽ ነገር አላየሁም። እኔም ሁለተኛውን ሥዕል ስጀምር ሚኒቲን ባንድ ዓይን ለመሣል አሰብሁ። ግን ከዚያ በፊት ራስ ደስታን እንዴት እሥላቸዋለሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ራስ ደስታ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አቅራቢያ ተማርከው ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የረሸናቸው ስለ አንድ ምርኮኛ መገደል ከሰማይ ወረቀት የበተነው የዚያው የግራዚያኒ ጦር ነው። ራስ ደስታን በሁለት ዓይን፣ ሚኒቲን ባንድ ዓይን ብሥል፣ ምርኮኛ መግደል የሚያስወቅሰው እንደ ሟቹ ማንነት ነው ማለቴ ይሆናል። ስለዚህ ይህንንም ተውሁት።

ሌላም ምሳሌ አለ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ በሚባለው ቦታ የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሦስት የኢጣልያ አይሮፕላኖችን አቃጥለው መኰንኖቹን ገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ ጄኔራል ማሊዮኮ፣ ሌላው አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበር። ሎካቴሊ በ1910 ዓ.ም. ከዳኑንዚዮ ጋር በቪየና ላይ የበረረ፣ በ1916 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሊሻገር ሲል በግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ወርዶ በአሜሪካን የጦር መርከብ የዳነ፣ ሦስት የወርቅ ሜዳልያ ያለው፣ ራሱም ሥዕል የሚሥል ሰው ነበር። በኢጣልያ የሚነገረው «የሌኬምቲ እልቂት» ተብሎ ነው፤ ለሰላም የመጡ ሰዎች በተኙበት ታረዱ ይላሉ። በኛ ዘንድ የሚነገረው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና ከጠላት ከድተው የመጡ የኤርትራ ተወላጆች ያደረጉት ጀግንነት ተብሎ ነው። እዚህ ላይ እኔ ያለ ማወላወል ከጥቁር አንበሶች ጋር ነኝ፤ በሰው አገር አይሮፕላን አሳርፎ ግዛት ሊረከብ የመጣ የጦር መኰንን ተኝቶም ቢሆን በጦርነት ላይ ነውና። ይህን ግን ከሚኒቲ ነገር ጋር ማምታታት አይገባም። ያኛው የሌሊት ውጊያ ነው፤ ይኸኛው የተማረከ ሰው ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሁሉ መካከል መምህራችን አንድ ቀን «ለመሆኑ ስለ ግራዝማች አፈወርቅ የሣለ አለ?» አሉ። ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ሚኒቲ ከመውደቁ ሁለት ወር ያህል በፊት የቆራሄን ምሽግ ይጠብቁ ነበር። የኢጣልያ አይሮፕላኖች ምሽጉን በቀን በቀን ሲደበድቡ፣ በነበረቻቸው አንዲት ፀረ አይሮፕላን መድፍ ራሳቸው እየተኰሱ ተዋጉ። በቦምብ ሲቈስሉም ለሕክምና ወደ ኋላ እንዲሄዱ ቢለመኑ እምቢ ብለው፣ ቁስሉ መርቅዞ እዚያው ሞቱ። እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ምሽጉ ተለቀቀ፤ የደጃዝማችነትም ማዕረግ ከሞታቸው በኋላ ተሰጣቸው። አሟሟታቸው ክርክር የለበትም። እኔ ግን የአየር ጦርነት ሣል ስባል ወዲያው ያሰብሁት የጠላትን አይሮፕላን ነጂ ሞት ነበር። ምክንያቱን ስመረምር፣ የእርሱ ሞት ስለ ተጮኸለት ወደ ጆሮዬ መድረሱ ነው እንጂ ሌላ አላገኘሁም።

አንድ ሰው ደግሞ ላንሣ፤ በሥዕሉ ባይገባም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልወድም። ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባል ስዊድናዊ በዚያ ጦርነት የቀይ መስቀል አይሮፕላን እየነዳ ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ መጥቶ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሲቋቋም ብዙ ደክሟል። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ለረኀብተኞች እህል ሲያመላልስ ሳለ በኦጋዴን ጎዴ ላይ ተገደለ። በአንድ በረሃ ላይ ሁለት አይሮፕላን ነጂዎች በ41 ዓመት ልዩነት ሞቱ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሥዕሌ በመጨረሻ ይህ ሆነ። አይሮፕላኑ በሜዳው ላይ ወርዷል፤ አይጨስም፤ የሚጨስ መሆኑን የነገረኝ የለምና። ከአይሮፕላኑ ፊት ለፊት፣ በሥዕሉ ዳር፣ ሰዎች በሩቅ እየመጡ ነው፤ ፊታቸው አይለይም፤ በእጃቸው የያዙትም አይለይም። አይሮፕላን ነጂው አይታይም። በመካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ባዶ ነው። መጀመሪያ ሜዳውን በሣር ልሞላው አስቤ ነበር፤ መምህራችን ግን «ተው፣ እንዳለ ይሁን» አሉኝ። ካንድ ሳምንት በላይ የሠራሁት ሰማዩን ነው።

ከጓደኞቼ ብዙዎቹ አልወደዱትም። አንዱ «ይህ ምን ጦርነት ነው፤ የጠፋ አይሮፕላን ነው እንጂ» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ የመጀመሪያው ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ሰው ቆሞ ያየዋል ብላ ተከራከረችኝ። በዚህስ እውነት አላት፤ በትርኢቱ ቀን የመጡት ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት ከእኔ ሥዕል ይልቅ ባጠገቡ በተሰቀለው የማይጨው ጦርነት ፊት ነበር። አያቴ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና ከሥዕሉ በታች የጻፍሁትን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። የተጻፈው ይህ ነው፦

«ጥቅምት 16 ቀን፣ ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ የመርዝ ጋዝ ፈቀደ። ታኅሣሥ 12 እና 13 ቀን፣ በተከዜ የመርዝ ቦምብ ወረደ። ታኅሣሥ 16 ቀን፣ ቲቶ ሚኒቲና ሊቪዮ ዛኖኒ በደገሃቡር አካባቢ ወርደው ሞቱ። ታኅሣሥ 20 ቀን፣ በመልካ ዲዳ ሆስፒታል ተደበደበ። ሁሉም በ1928 ዓ.ም.።»

አንብቤ ስጨርስ አያቴ በጣታቸው ባዶውን ሜዳ እያሳዩ «እዚህ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን፣ እዚያ ጋ ነው» አልኋቸው። ሥዕሉ አሁን በቤተ መጻሕፍቱ በር በስተግራ ይገኛል። ባጠገቡም የግራዝማች አፈወርቅ ሥዕል የሚሰቀልበት ሚስማር ተመትቶ ይጠብቃል።